የሰይቼንቶዬ መካኒኮች

መኪና ነበረችኝ። «ነበረችኝ» ስላችሁ ግን ነዳኋት ማለቴ አይደለም። ሰው «አክስት አለችኝ» ሲል ይነዳታል ማለት ነው? መኪናዬም እንደዚያው ነበረች። ሄጄ አያታለሁ፣ አቧራዋን እጠርግላታለሁ፣ ደኅንነቷን ጠይቄ እመለሳለሁ። ዝምድናችን ይኸው ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ጎፋ ያን ጊዜ እንደ ዛሬው ፎቅ በፎቅ አልነበረችም። ከቤቴ ጀርባ ገብስ ይዘራ ነበር። ከደጄ የሚነሳው ኮረኮንች ደግሞ ቁልቁል ተምዘግዝጎ የሚያርፈው ወንዙ ዳር ነው። ይህን ቁልቁለት በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ ይሠራናል።

ሰይቼንቶዋን የሰጡኝ የባለቤቴ የአስካለች አጎት ናቸው። ጡረታ ወጥተው አገራቸው ሊገቡ ሲሉ፣ ፉሪ ከዘመድ ግቢ ዓመታት ያቆሟትን መኪና ከነሊብሬዋ «ለልጄ ባል ትሁን» አሉ። ሰይቼንቶን ያላያችሁ ልጆች ጎማ የተገጠመለት ድፎ ዳቦ አስቡ። ጣሊያን የሠራት፣ ትንሽ፣ ክብ፣ ዐይነ ትልልቅ ናት። አራት ሰው ትይዛለች ይባላል፤ ሰዎቹ የሚዋደዱ ከሆነ።

እሷ ፉሪ፣ እኔ ጎፋ። የሚጎትትልኝ መኪና ስላጣሁ አንድ የፉሪ ገበሬ በሁለት በሬዎቹ ጎትቶ አመጣልኝ። እኔ ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ክራቫት አስሬ፣ መሪ ጨብጬ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያየን ነበር። መሐል መንገድ ላይ ገበሬው ዘወር አለና፦

«ይህች ምን ትበላለች?» አለኝ።

«ቤንዚን።»

«ቤንዚን በኩፖን አይደል እንዴ?»

«በኩፖን ነው።»

በሬዎቹን ቸብ ቸብ አደረጋቸው። «አይዟችሁ፤ እናንተስ ሳር አላችሁ» አላቸው።

ለምን አሮጌ መኪና ማደስ እንዳማረኝ ልንገራችሁ። የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ነበር። እዚያ አንድ የቆየ የፈረንጅ መጽሔት አገኘሁ። መጽሔቱ ላይ አንድ ፈረንጅ በነጭ ሸሚዝ፣ ፒፓውን ነክሶ፣ በግቢው ውስጥ አሮጌ መኪና ሲያድስ ፎቶ ተነሥቷል። ሸሚዙ ላይ የቅባት ጠብታ እንኳ የለም። ፊቱ ላይ ደግሞ፣ እናንተዬ፣ ሰላም! የሚያስጨንቀው የለም፤ ስብሰባ የለበትም። «እኔስ ምን ያንሰኛል?» አልኩ። ሸሚዙ አለኝ፤ የጎደለኝ መኪናና ፒፓ ብቻ ነበር። ፒፓውን ተውኩት።

መጀመሪያ መኪናዋ የምታርፍበት ጋራዥ አቆምኩ፤ እንጨት በቆርቆሮ። ያን ባቆምኩ በሳምንቱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ተካልኝ መጣ። ተካልኝን ከጥንት አውቀዋለሁ፤ ከእናቱ ከእትዬ ወርቄ ጋር ከኛ ቤት ከፍ ብሎ ነው የሚኖረው። ከሱ ጋር የአብዮት ጥበቃው ጓድ ደምሴ ጠመንጃውን አንግቦ ነበር። ደምሴ ሊያገባ ነው፤ ቤት የለውም። ስለዚህ ጋራዤን ሲያይ የሚያየው ጋራዥ አልነበረም፤ አልጋ ነበር። በእርምጃው ዳር እስከ ዳር ለካው።

«ይህ ምንድነው?» አለ ተካልኝ።

«ጋራዥ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«መኪናዋ ትወጣለች?»

«ስትታደስ ትወጣለች።»

ተካልኝ አሰበ። «እንግዲህ እንዲህ ነው» አለ። «መኪና የሚወጣበትና የሚገባበት ከሆነ ጋራዥ ነው። መኪና የማይወጣበት ጋራዥ ግን ክፍል ነው። ክፍል ከሆነ ደግሞ ትርፍ ነው።»

ትርፍ ቤት በዚያ ዘመን ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የመንግሥት ነው፤ ቀበሌው ለፈለገው ይሰጠዋል። ደምሴ የቆርቆሮውን ግድግዳ እንደ ሙሽራ ጉንጭ ዳበስ አድርጎት ሄደ።

እንግዲህ የኔ ነገር እንዲህ ሆነ፦ መኪናዋ ካልወጣች ጋራዡ ይሄዳል።

በማግስቱ በነጭ ሸሚዜ ሥራ ጀመርኩ። የፊቱን ኮፈን ከፈትኩ። ሞተር የለም! ትርፍ ጎማና አንድ የሞተ አይጥ ብቻ። ደሜ ፈላ። ወዲያው ለአጎትዬው ሰው ላክሁ፦ «ሞተሯን አስቀርተው ቆርቆሮዋን ይሰጡኛል? ይህ የዘመድ ወግ ነው?» የላክሁት ሰው የእሳቸውን መልስ ይዞልኝ መጣ፦ «ዞር ብለህ ከኋላዋ እያት።»

ዞር ብዬ አየኋት። ሞተሯ ከኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ እውነተኛ መካኒክ ከቄራ አስመጣሁ። የኋላውን ኮፈን ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀስ ብሎ ዘጋው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ እግዜር ያጽናዎት» ብሎኝ ሄደ። ለቅሶ እንደደረሰ ሰው ሻይ እንኳ አልጠጣም።

እኔም እንደማንኛውም ብልህ ሰው ከሚቻለው ልጀምር አልኩ፤ ከመቀመጫው። ሞተሯ የማይነሣ መኪና መቀመጫዋ ቢያምር ምን ይጠቅማል የምትሉ ትኖራላችሁ። አስካለችም ብላኛለች። «ሙሽራዋ ሞታ ኩል ትኳላለህ» ነው ያለችው፤ ጠዋት ጠዋት፣ ቁርስ ላይ።

መቀመጫ የሚሰፋልኝ አኑሎ የሚባል ሰው ከሳሪስ መጣ። የሆሳዕና ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ጸጥተኛ፣ ሲናገር ቃሉን እንደ ጨርቅ ለክቶ የሚቆርጥ። ቀይ የፕላስቲክ ቆዳ አልብሶ መቀመጫውን እንዲህ አሳመረው፤ ከሳሎናችን ወንበር በለጠ። እንግዳ ሲመጣ ጋራዥ ወስጄ መኪናዋ ውስጥ አስቀምጠው ጀመር።

ስፌቱን ሲጨርስ አኑሎ ጋራዡን ዙሪያውን አየና፦

«ጋሼ፣ ሞተሩንም እንሞክረው እንዴ? የሚያግዙኝ ወንድሞችና እኅቶች አሉኝ» አለኝ።

«መካኒኮች ናቸው?»

መርፌውን ኮቱ ላይ ሰካ። «በልዩ ልዩ ሙያ ያሉ ናቸው» አለ።

ይህን ሰው በኋላ በደንብ አወቅሁት፤ ውሸት ከአፉ አይወጣም። እውነቱን ግን ሁሉን በአንድ ቀን አያወጣም።

በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት መካኒኮቼ መጡ። ብዙ ናቸው። አንደኛው ሙሉ ልብስ ለብሶ ክራቫት አስሯል። «የኤሌክትሪኩ ይሆናል» አልኩ ለራሴ። ሁለት ነጠላ የለበሱ ወይዘሮዎች አሉ። ሦስተኛዋ ደግሞ፣ ልብ በሉ፣ የሊቀመንበሩ እናት እትዬ ወርቄ ናቸው! ካቻቢቴ በንጹሕ መሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል።

«እትዬ ወርቄ፣ እርስዎም?»

«ባይሆን ቡሎን አቀብላለሁ፤ ልጄ» አሉኝ።

እኔም አመሰገንኩ። በሩን ዘጉ። «አቧራ እንዳይገባ ነው» ብዬ ለአስካለች አስረዳኋት፤ ማንም ሳይነግረኝ። ከውስጥ ብረት ሲቀጠቀጥ ይሰማል። ቅጥቀጣው ግን እንደ ሌላው ጋራዥ አይደለም፤ ምት አለው። ሦስቴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ፤ ሦስቴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ። የጎበጠው ፓራፋንጎ እንኳ በእስክስታ የሚቃና ይመስላል። ከቅጥቀጣው ስር ደግሞ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ነገር አለ።

«ሞተሩ ነው፤ እየሞከረ ነው!» አልኳት አስካለችን።

አስካለች ቀና ብላ አየችኝ። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ ያንን አስተያየት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። አንዱ ይህ ነው።

እንዲህ እያለ እሑድ እሑድን ወለደ። መካኒኮቼ ይመጣሉ፣ ይቀጠቅጣሉ፣ ፊታቸው በርቶ ይወጣሉ። አንዳንዴም ዐይናቸው እንባ ያቀረረ ሆኖ ይወጣሉ። «እንዲህ ለሥራው የሚቆረቆር መካኒክ ከየት ይገኛል?» እላለሁ። ከመኪናዋ ግን የተሠራው ክላክሷ ብቻ ነበር፤ እሱንም የሠራሁት እኔ ነኝ። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ባትሪ ገዝቼ ገጠምኩ። ባትሪው ሞተር የማስነሣት ጉልበት የለውም፤ ለክላክስ ግን ይበቃል። መጀመሪያ ቀን ስጫነው «ጲጵ!» አለና ሰፈሩን በሙሉ አስደነገጠ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት አንድ ጊዜ «ጲጵ» ሳላደርግ ወደ ሥራ አልሄድም።

አንድ እሑድ ታዲያ ምሳ በልቼ «እስቲ ከሥርዋ ልያት» አልኩ። መኪናዋ በድንጋይ ላይ ተነሥታ ስለቆመች ከሥርዋ የሰው መግቢያ አለ። ጆንያ አንጥፌ ተጋደምኩ። ሽሮ የበላ ሰው ከተጋደመ ነገሩ ይታወቃል። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ በሩ ተዘግቷል፤ በዙሪያዬ እግር ብቻ ነው። የተወለወለ ጫማ፣ የሸራ ጫማ፣ የእትዬ ወርቄ ኮንጎ። ቅጥቀጣ የለም። ከዚያ የአኑሎ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፦

«አባት ሆይ፣ ይህን ቤት ስለሰጠኸን እናመሰግንሃለን። ሌላ የምንሄድበት እንደሌለን ታያለህ። ጋሼን ባርክልን፤ እትዬ አስካለችን ባርክልን...»

ሳላውቀው ከሥር «አሜን» ልል ነበር።

«...ስለ መኪናዋም እንለምንሃለን፤ ጌታ ሆይ፣ ቶሎ እንዳትሠራ...»

«አይደረግም!» ብዬ ጮህኩ። ብድግ ስል ግንባሬ ከመኪናዋ ሆድ ጋር ተላተመ። እግሮቹ ሁሉ ዘለሉ። አንዷ ወይዘሮ ሰይጣን መስዬአት በጌታ ስም ገሠጸችኝ።

ተስቤ ስወጣ ሁሉም ቆመው ያዩኛል። ግንባሬ ላይ ቅባትና ደም፣ ሸሚዜ... ስለ ሸሚዙ እንኳ አናንሣ።

ላልደረሳችሁበት ልንገራችሁ። ያን ጊዜ ሕዝቡ ጴንጤ የሚላቸው ክርስቲያኖች የጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ ነበር። በሰው ቤት ተሰብስቦ መዘመር ያሳስራል፤ ቤቱን የሰጠውም አይቀርለትም። እኔ ደግሞ ዓርብና ረቡዕ የምጾም፣ ባመት አንዴ ሀና ማርያም የምሳለም የተዋሕዶ ሰው ነኝ። ይህ ሁሉ ሲሆን የኔ ጋራዥ የጸሎት ቤት ሆኗል፤ እኔም «ፓራፋንጎ እየተቃና ነው» እያልኩ ለጎረቤት አወራለሁ።

አኑሎ፣ «ጋሼ፣ ውጡ ካሉን እንወጣለን» አለ። «የምንሄድበት የለንም፤ ግን እንወጣለን።»

ጀግና ነበርኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ። ነገር ግን «ቆዩ፣ አንዴ» ብዬ ወደ አስካለች ሮጥኩ።

«አስካለች! መካኒኮቹ... መካኒኮች አይደሉም!»

ሽንኩርቷን መክተፍ ሳታቆም፣ «ዛሬ ነው ያወቅከው?» አለችኝ። «እጁ ሳይቆሽሽ የሚወጣ መካኒክ አይተህ ታውቃለህ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ምሥጢር ስታውቅ ጆሮህ ይቀላል። ሰፈሩ በሙሉ ያነበዋል።» ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ልታስወጣቸው ነው?»

እኔ ወደ ጋራዡ አየሁ።

«እትዬ ወርቄ በስተርጅና በየሰው ጓሮ ይዙሩ?»

ተመልሼ ሄድኩ። «እንግዲህ ቀጥሉ፤ ግን አንድ ነገር አለኝ» አልኳቸው። «መኪናዬ እንዳትሠራ የሚባለው ጸሎት ይቅር። መኪናዋ ካልወጣች ጋራዡን ደምሴ ይወስደዋል፤ እናንተም እኔም እናጣዋለን።»

«ከሠራችስ፣ ጋሼ? እኛ በምን ምክንያት እንመጣለን?»

እውነት ነው። ካልሠራች ቀበሌው፣ ከሠራች ምክንያት የለም። ብዙ ካወጣን ካወረድን በኋላ፣ «እንግዲያው ግማሽ በግማሽ ጸልዩ» አልኩ። ሲቸግር የማይባል የለም።

የፈራነው ቀን ግን ቶሎ መጣ። በቀበሌ ስብሰባ ደምሴ እጁን አወጣ። «የጓዱ ጋራዥ ጉዳይ እስከ መቼ ነው? ሰፊው ሕዝብ መጠለያ አጥቶ፣ መኪና መጠለያ ይኑራት?» ቤቱ አጨበጨበ፤ ከፍርሃት የተነሣ እኔም አጨበጨብኩ። ተካልኝም ወሰነ፦ የሚመጣው እሑድ ኮሚቴው ይመጣል፤ መኪናዋ ከግቢ ትወጣለች፣ ትመለሳለች። ከዚያ ጋራዥ ነው። ያለዚያ ክፍሉ ለጓድ ደምሴ ይሆናል።

ያን ሳምንት መካኒኮቼ ለመጀመሪያ ጊዜ መካኒክ ሆኑ። ካንዴላውን አወጡ፣ አጸዱ፣ መለሱ። ካርቡራቶሩን ነፉት። በብስክሌት ፓምፕ ጎማ ሞሉ። ክራቫት ያሰረው ሰውዬ የሒሳብ አስተማሪ ኖሯል፤ እጁን እስከ ክንዱ ጥቁር አድርጎ ሳየው ልቤ ተነካ። እኔም በኩፖን ያገኘሁትን ቤንዚን እንደ ጠበል ጠብ ጠብ አደረግሁባት።

እሑድ ከሰዓት ተካልኝና ደምሴ መጡ። ደምሴ መለኪያ ሜትር ይዞ ነው የመጣው። በሩ ተከፈተ። መካኒኮቼ እንደ ሰልፍ ቆመዋል። ተካልኝ የመኪናዋን በር ሲከፍት ከኋላ ቀዩ መቀመጫ ላይ እናቱ ካቻቢቴ ይዘው ተቀምጠዋል።

ሁለቱ ተያዩ። እሳቸው የት እንደሚውሉ ልጃቸው አያውቅም ነበር፤ አሁን ማን ከማን ጋር እንደቆመ ሲያይ ሁሉን አወቀ። ፊቱ ላይ አነበብኩት።

ደምሴ አንገቱን አስገባ። «እትዬ ወርቄ! እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«መቀመጫውን እያለማመድኩት ነው፤ አይታይህም?»

ደምሴ ወደ ተካልኝ ዞረ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እናትህ መካኒክ ናቸው?»

ተካልኝ ጉሮሮውን ጠረገ። «አብዮቱ እናቶችን ለሙያ አብቅቷል» አለ። «ሞተር ይነሣ።»

መሪውን ጨበጥኩ። ቁልፉን አዞርኩ። «ክ... ክ... ክ።» አንዴ ደገምኩ። «ክ።» ደምሴ ሜትሩን መዘርጋት ጀመረ።

«በግፊ ትነሣለች!» ብሎ አኑሎ ጮኸ።

እዚህ ላይ አንድ የአገራችንን ነገር ልንገራችሁ። አበሻ ብዙ ነገር እምቢ ይላል፤ የቆመች መኪና ሲገፋ አይቶ ግን ዝም ብሎ የሚያልፍ አልተፈጠረም። ጠላቱም ብትሆን ይገፋታል። ሁሉም ከኋላ ተረባረቡ። ደምሴ ጥቂት ቆሞ አየ፤ እጁ በላው። ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዞረና፣ «ተው፣ እንዲህ አይገፋም! በጎን በኩል!» ብሎ ትከሻውን ሰጠ። ተካልኝም ኮቱን አወለቀ።

ከደጃፍ ስንወጣ ያ በልባችሁ ያዙልኝ ያልኳችሁ ቁልቁለት ተቀበለን። ማርሽ አስገባሁ፣ ፍሪሲዮን ለቀቅሁ። «ጧ! ጧ! ዶር... ዶር... ዶርርር!» ተነሣች! እናንተዬ፣ ተነሣች! እኔ ጮህኩ፣ እትዬ ወርቄ ከኋላዬ እልል አሉ። ያለ ሰው ግፊ በራሷ ወረደች። ማለት፣ ቁልቁለቱ ባይኖርም ትወርድ ነበር ለማለት አልደፍርም። ወንዙ ዳር ስንደርስ አንዴ ከረር አለች፣ ጭስ ተፋች፣ ጭቃው ውስጥ ገብታ ዝም አለች። ዳግመኛም አልተናገረች።

መውጣቱን ወጣች። መመለሱ ቀረ። ወደ ላይ ያ ሁሉ ዳገት!

ከኋላ እየሮጡ የወረዱት ደረሱ። እትዬ ወርቄም «ልቅለልላት» ብለው ወርደው ከገፊዎቹ ተቀላቀሉ። መግፋት ተጀመረ። አንድ ክንድ ትሄዳለች፣ ግማሽ ትመለሳለች። ሁሉም በየፊናው ነው የሚገፋው፤ ምት የለውም። አንዲት መካኒክ ከድካም የተነሣ፣ ሳታስበው፣ የለመደችውን ጀመረች። ሌሎቹም፣ ሳያስቡት፣ ተቀበሏት። ሦስቴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ፤ ያ የቅጥቀጣ ምት!

«ዳገቱን ያወጣን፣ ሸክሙን ያቀለለን...»

ቀጥሎ የሚመጣውን የጌታን ስም አውቀዋለሁ፤ ምሥጢሩን ካወቅሁ ወዲህ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሰምቼዋለሁ። ደምሴ ከአኑሎ ትከሻ ለትከሻ ነው የሚገፋው። ስሙ ሊወጣ ሲል እጄን ክላክሱ ላይ ወረወርኩ፦

«...ጲጵ! ነው!»

መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ምቱ ገባ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው? ስሙ በመጣ ቁጥር ክላክሱን እጫናለሁ፤ አንዴም አልሳትኩም። በሕይወቴ በጊዜው የሠራሁት ሥራ ቢኖር እሱ ነው።

«ይህ ምን ዘፈን ነው?» ይላል ደምሴ እያለከለከ።

«ሸክም ሲከብደን የምንለው ነው፣ ጓድ» አለ አኑሎ።

«የሥራ ዘፈን በለኛ! ያዙት፣ ጥሩ ነው!» አለና ደምሴ ራሱ በዚያ ወፍራም ድምፁ ገባበት፦ «ዳገቱን ያወጣን፣ ሸክሙን ያቀለለን... ጲጵ ነው!»

ጲጵ የዘፈኑ ግጥም መስሎታል።

እንዲህ እየተዘመረ ሰይቼንቶዬ ዳገቱን ወጥታ ጋራዡ ገባች። ሰፈሩ አጨበጨበ። ደምሴ ላቡን እየጠረገ ፓራፋንጎዋ ላይ ተደግፎ፣ «ወጥታለች፣ ገብታለች» አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው። «በሞተር ነው ወይስ በሰው? ቢባል፣ በኅብረት ነው!» የገፋት መኪና ላይ መፍረድ ለሰው አይሆንለትም። ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

«ጋራዥ ነው» አለ ተካልኝ።

ሁሉም ሲበተኑ ተካልኝ ወደ ኋላ ቀረ። ኮቱን እየለበሰ በመስኮቱ ጎንበስ አለልኝ።

«እንዳትጨርሷት» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምኑን?»

«መኪናዋን። ገና ብዙ ጥገና ያስፈልጋታል፤ ለኮሚቴውም እንደዚያ እላለሁ።» ሊሄድ ብሎ ተመለሰ። «ደግሞ ክላክሱን ቀነስ አድርገው። የእማዬን ድምፅ ሸፈነብኝ።»

መኪናው እንዳይሠራ በመንግሥት የታዘዘ ሰው ከኔ በቀር የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ደምሴ ሌላ ቦታ ክፍል አግኝቶ ሲያገባ ሙሽራዋን በሰይቼንቶዬ ነው ያመጣናት፤ ገፍተን። ሚዜዎቹን የሥራ ዘፈኑን አስተምሯቸው ነበር፤ «ጲጵ ነው!» እያሉ ሰፈሩን አናወጡት። እኔ መሪ ይዤ ወደ መሬት አያለሁ፣ አኑሎ ወደ ሰማይ ያያል።

ዘመን አለፈ። ደርግ ሄደ፤ እነ አኑሎም በግልጽ፣ በር ከፍተው የሚሰበሰቡበት አዳራሽ ሠሩ። የተመረቀ ቀን እኔንና አስካለችን ጠሩን። አዳራሹ ሞልቷል። እኔ ከኋላ በኩል ተቀመጥኩ፤ እትዬ ወርቄ ፊት ከዘማሪዎቹ መሐል በነጭ ቀሚስ ቆመዋል፤ አርጅተዋል፣ በሰው ተደግፈው ነው። ያኔ አኑሎ ያንን ዝማሬ አስጀመረ። ከበሮው ሦስቴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ።

«ዳገቱን ያወጣን፣ ሸክሙን ያቀለለን...»

እጄ፣ ይህ ከንቱ እጄ፣ እኔን ሳያማክር ተወረወረ። ከፊቴ የተቀመጠውን ሰው መሐል ጀርባውን በመዳፌ ጥብቅ አድርጌ ተጫንኩት።

ሰውየው ዞረ። ተካልኝ ነው፤ ከእናቱ ሌላ የማያይ፣ ዐይኑ እንባ ያቀረረ።

እጄን ከጀርባው ላይ አንሥቶ በገዛ ጉልበቴ ላይ አኖረልኝ።

«ተወው» አለኝ። «አሁንማ ስሙ ይጠራ።»